የአመተ ሥላሴ ገንዳ

ሻለቃ አያልነህ በወረታ ከተማ፣ ከጎንደር መንገድ በላይ ባለው ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ሲያስቆፍሩ ከተማው ያላለው ነገር አልነበረም። አንዱ የጥይት መጋዘን ነው አለ፤ ሌላው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ባለሥልጣኖች መዝናኛ ነው አለ። እውነቱን የሚያውቁት የግቢው ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ የሚፈሰው ለአንዲት እግር ነበር።

አመተ ሥላሴ የሻለቃው አንድያ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት አባቷና አክስቷ እትዬ ደብሬ ናቸው። በሃያ ዓመቷ የተሳፈረችበት መኪና ጉማራ ድልድይ አጠገብ ተገልብጦ የግራ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም እግሯ አልታዘዝ አላት። ያከሟት ሐኪም፣ «ከምርኩዝ የሚያላቅቃት ውሃ ነው፤ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ትራመድ» አሉ። ሻለቃው በሳምንት ሁለት ቀን ወንዛዬ ፍል ውሃ ያመላልሷት ጀመር። ክረምት ሲገባ ግን የፎገራ ጭቃ ላንድሮቨሩን እስከ በሩ ይውጠዋል፤ በበጋ የተፍታታው እግሯም መስከረም ሳይጠባ ተመልሶ ይደርቃል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በ1974 ዓ.ም. የበጋው መጨረሻ ላይ ሻለቃው፣ «እንግዲህ ውሃውን እደጇ አደርገዋለሁ» ብለው ግንበኛ ጠሩ።

ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቷ የሆነ ገንዳ ተሠራና ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ተሞላ። በአራተኛው ቀን ውሃው አረንጓዴ ሆነ። በስድስተኛው ቀን የአመተ ሥላሴ ገላ ሽፍ አለ። በማግስቱ አንድ ወታደር ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ደሞዝን ጠራው።

ደሞዝ ተክለ ማርያም የውሃና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛ ነው። ጎንደር ተምሮ ከተመለሰ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሥራው ጉድጓድ ማከምና ምንጭ ማስከደን ነው። አባቱ መሪጌታ ተክለ ማርያም ከሜዳው አጥቢያዎች በአንዱ ድጓ ያስተምራሉ። ደሞዝ መዋኛ ገንዳ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከገንዳው ዳር ተንበርክኮ ውሃውን በእጁ ጨለፈና አሸተተው። ሻለቃው ከኋላው ቆመዋል። በረንዳው ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ታየዋለች።

«እህስ?» አሉ ሻለቃው።

«ጓድ ሻለቃ፣ ይህ ውሃ ከከብት ኩሬ አይሻልም።»

በር ላይ የቆመው ወታደር አበረ መሬት መሬት አየ። ሻለቃውን እንዲህ ደፍሮ የተናገረ ሰው አላጋጠመውም። በረንዳው ላይ ያለችው ልጅ ግን ሳቀች። ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አባቷ ሰምተዋት አያውቁም። ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ደሞዝ ተመለሱ። «የሚያስፈልገውን ንገረኝ» አሉት ብቻ።

በማግስቱ ሻለቃው፣ ልጃቸውና ደሞዝ ሙህዲን ሱቅ ሄዱ። ሙህዲን ከአስመራ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ ነጋዴ ነው። ሁለት የውሃ ፓምፖች አውጥቶ አቆመላቸው፤ አንዱ በሬ የሚያህል ባለ አራት ኢንች፣ ሌላው ባለ ሁለት ኢንች።

«ትልቁን ጫኑ» አሉ ሻለቃው ሳያመነቱ።

«ትንሹ ነው የሚሻለው» አለ ደሞዝ።

«ምነዋ! ጉልበት ያለው እያለ?»

«ውሃው እየተሳበ በአሸዋ ማጣሪያ ማለፍ አለበት፣ ጓድ ሻለቃ። ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሸዋው ቆሻሻውን ይይዘዋል። ትልቁ ግን እየገፋ አሸዋውን ይበረግደዋል፤ ቆሻሻው እንደ ገባ ይወጣል። ትንሹ ቀን ሙሉ ቢሠራ ገንዳውን ሁሉ ያዳርሰዋል።»

ሙህዲን ጺሙን እየዳሰሰ፣ «ወላሂ፣ ትልቁን ብሸጥላችሁ እኔ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን ልጁ እውነቱን ነው።»

አመተ ሥላሴ ምርኩዟን ተደግፋ ቀረብ አለች። «ማጣሪያው ቢቀርስ? ክሎሪኑን ብቻ ብንጨምርበት?»

«ክሎሪኑ ከጭቃው ጋር ሲታገል ይደክማል፤ ለበሽታው የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። አስቀድሞ ማጥራት፣ ከዚያ ማከም ነው። እርስዎም እስከዚያ ባይገቡበት።»

«እርስዎ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ሳትበልጠኝ ትቀራለህ?»

ደሞዝ ፓምፑን የሚመረምር መስሎ ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ግን እስኪቃጠል ድረስ ቀልቶ ነበር።

ማጣሪያውን በሁለት የብረት በርሜሎች ሠራው። ከታች ጠጠር፣ ከላዩ ሻካራ አሸዋ፣ ከሁሉ በላይ ከርብ ወንዝ የመጣ፣ ሰባት ጊዜ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ። ሻለቃው አንድ ትልቅ በርሜል የክሎሪን ዱቄት ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ደሞዝ ክዳኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን በራሱ እጅ ጻፈበት። ዱቄቱን ፀሐይ እንዳትበላው በየምሽቱ በባልዲ በጥብጦ ይጨምረዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ መፈተኛ ፈሳሽ ጠብ ያደርግበታል።

«እይ» አላት አንድ ቀን ብልቃጡን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ። አንቺ ማለት የጀመረው ያን ጠዋት ነው፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። «ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። ቀለም ካላመጣ ውሃው ከክሎሪን ባዶ ነው፤ ብርቱካን ከመሰለ ደግሞ ዓይንሽን ያቃጥልሻል።»

«ይህስ?» አለች አጠገቡ ቆማ። ትከሻዋ ክንዱን ነካው።

«ይህ... ደህና ነው» አለ ብልቃጡን ሳያይ።

ውሃ ውስጥ ስትገባ ጀርባውን ሰጥቷት ማጣሪያውን ያጥባል። እሷ የተራመደችውን እርምጃ ጮክ ብላ ትቆጥርለታለች። መጀመሪያ አርባ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ዘጠና። ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ቁጥሩ ሁለት መቶ ደረሰና ድምጿ ተቋረጠ። ደሞዝ ደንግጦ ዞረ። ገንዳው ደረጃ ላይ፣ ከወገቧ በላይ ከውሃው ወጥታ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ቆማለች። ቀሚሷ ይንጠባጠባል፤ እንባዋም እንዲሁ። እሱ እጁ ላይ የቀረውን አሸዋ መጣል እንኳ ረስቶ አያት፤ እሷም ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም።

እትዬ ደብሬ ከጓዳ በር ላይ ሆነው ይህን አዩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ደሞዝን አስጠሩት። አልተቆጡም፤ የከበደውም ይኸው ነበር። «ሥራህ ጥሩ ነው፤ አመሰግንሃለሁ» አሉት። «ከነገ ጀምሮ አበረ ይሠራዋል። አንተ ወደዚህ ግቢ አትምጣ።»

«ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም። እንዳታጠፋ ነው። ልጄን ለመሪጌታ ቤት አላሳደግኋትም።»

ደሞዝ እጅ ነሥቶ ወጣ። በረንዳው ባዶ ነበር። እሷ ስትጠይቅ የሰማችው ሌላ ነበር፤ «ሌላ ሥራ በዛብኝ ብሎ ራሱ ተወው» አሏት አክስቷ። አመተ ሥላሴ ያን ጠዋት ያየችው ዓይን የሰውን ልጅ እንዲህ ትቶ የሚሄድ ዓይን አልመስል ብሏት ቀኑን ሙሉ ከገንዳው ዳር ተቀመጠች።

ነሐሴ ሲገባ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ከብቱ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዋለ፤ የሰው ጉድጓድና የከብት ኩሬ አንድ ሆነ። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ተነሣ። ናበጋ በምትባለው መንደር በአራት ቀን ሰባት ሰው ተቀበረ። ጤና ጣቢያው የነበረው ክሎሪን በሦስተኛው ቀን አለቀ፤ የጎንደር መንገድ ርብ ላይ ስለተቆረጠ ከዚያ የሚመጣ ነገር የለም። ወረታ ውስጥ የቀረው ክሎሪን ሻለቃው ግቢ ያለው በርሜል ብቻ ነበር። ሻለቃው ደግሞ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ወጥተዋል።

ደሞዝ እንዳይመጣ የተባለበትን በር አንኳኳ። የወጡት እትዬ ደብሬ ናቸው።

«እትዬ፣ ሰው እያለቀ ነው። አመተ ሥላሴን ላነጋግር። ከዱቄቱ ግማሹን ብትሰጠን—»

ገብተው ወዲያው ተመለሱ። «ነግሬያታለሁ» አሉት ፊታቸውን አዙረው። «ገንዳዬን እንዳይነካብኝ፤ እሱንም ላየው አልፈልግም ብላለች።»

ደሞዝ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እስከ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ «እሷ? እሷ ናት እንዲህ ያለች?» እያለ ራሱን ጠየቀ። ከጥያቄው ይልቅ ማመኑ አመመው።

በማግስቱ ጠዋት ሙህዲን በጋሪ መጣ። ከሸራው ሥር በርሜሉ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የደሞዝ የእጅ ጽሑፍ።

«ማን ሰጠህ ጋሽ ሙህዲን?»

«ስሜን አትንገር ብሎኛል ላኪው። እኔም ምያለሁ። ወስደህ ሥራ፣ ልጄ።»

ደሞዝ ወታደሩን አበረን ጠረጠረ። አበረ የናበጋ ልጅ ነው፤ ከሞቱት አንዷ የእናቱ እህት ነበረች። «ሻለቃው ከሰሙ ይህን ልጅ ይገሉታል» ሲል አሰበ። ለአበረ ማዘን ቀለለው፤ ስለ አመተ ሥላሴ ማሰብ ግን አልቻለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በታንኳም በእግሩም ከመንደር መንደር ዞረ። ጎኗ የተበሳ እንስራ ውስጥ አሸዋና ክሎሪን ለውሶ ይሞላል፤ አፏን አስሮ በገመድ ጉድጓድ ውስጥ ያንጠለጥላታል፤ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። በስምንተኛው ቀን ከናበጋ አዲስ በሽተኛ አልመጣም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ወታደሮች አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኙት። እጁ ዱቄት እንደ ነካ ወሰዱት።

ሻለቃው ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ገንዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ መጋዘኑም ባዶ ሆኖ ጠብቋቸው ነበር። አበረን ቢጠይቁት ዝም አለ። ደሞዝን ቢሯቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

«ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም። ራሴ ወሰድሁት።»

«በየት ገብተህ?»

«በአጥር።»

«በርሜል ተሸክመህ አጥር ዘለልህ?»

ደሞዝ ዓይኑን ወደ ወለሉ አደረገ።

«የምትደብቀው ሰው አለ» አሉ ሻለቃው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጉ። «የመንግሥት ንብረት የሰረቀ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጓድ ሻለቃ። ይጻፉና ልፈርም።»

የደሞዝን መያዝ ለአመተ ሥላሴ የነገራት ሙህዲን ነው። አጥሩ ዳር ቆሞ፣ «ልጄ፣ መሐላዬን አላፈረስሁም» አላት። «ልጁ ግን እኔ ሰረቅሁ ብሎ ሊፈርም ነው።»

ምርኩዟን አንስታ ተነሣች። እትዬ ደብሬ በሩ ላይ ቆሙ። «መኪና የለም! የት ልትደርሽ ነው?»

«ዞር ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

የገበያ ቀን ነበር። ከግቢያቸው እስከ አባቷ ቢሮ ድረስ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልበትን ማለፍ አለባት። አሥራ አንድ ቀን ውሃ ያላየው ዳሌዋ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆኖ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ እስከ አንገቷ ይወጋታል። ጭቃው ምርኩዟን ይይዝባታል፤ እየነቀለች ትሄዳለች። ገበያተኛው አወቃት፤ መንገድ ለቀቀላት። መገንጠያው ላይ ወደቀች። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠችና በብብቷ ይዛ አነሣቻት።

«ምነው ልጄ፣ ብታርፊስ?»

«እናቴ፣ ካረፍሁ አልነሣም» አለች አመተ ሥላሴ፣ ደግሞም መንገዷን ቀጠለች።

የቢሮው በር ሲከፈት ሻለቃው ተቆጥተው ቀና አሉ። ልጃቸው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በሩን ይዛ ቆማለች። ደሞዝ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ሙህዲን ስለ ናበጋ ሲነግረኝ አበረን አሸከምሁት። ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ፤ አበረም ትእዛዝ ነው የፈጸመ። ይህ ሰው ምንም አላደረገም።»

ደሞዝ ወንበሩን ያዘ።

«ዱቄቱ ላንቺ የመጣ ነው!» አሉ ሻለቃው። «ላንቺ እግር!»

«ለእኔ ከመጣ፣ የእኔን ስለሰጠሁ ለምን ሰው ይታሰራል?»

«እግርሽ ይደርቃል። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሻል።»

«እግሬ ይጠብቀኛል፣ አባዬ። ናበጋ ያሉት መጠበቅ አልቻሉም። እነሱ ልጅ ሲቀብሩ እኔ በንጹሕ ውሃ ልዋኝ? እንዴት አድርጌ እገባበታለሁ?»

ሻለቃው ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሻለቃ ድምፅ አልነበረም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስትሄጂ ልይ ብዬ ጸለይሁ» አሉ። ያ ዘመን የእሳቸው ዓይነት ሹም ጸለይሁ የሚልበት አልነበረም። «ዛሬ ሄድሽ። ግን ወደ እኔ አልመጣሽም። ወደ እሱ ነው የመጣሽ።»

«ወደ ሁለታችሁም ነው» አለች እንባዋ እየወረደ። «ሁለታችሁንም እንዳላጣ ነው።»

ሻለቃው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ማንንም ሳያዩ ወጡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ደሞዝ ወንበሩን አምጥቶ አስቀመጣት፤ ራሱ ግን አልተቀመጠም።

«ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም?» አለች። «ትተኸኝ ሄድህ። ሥራ በዛብኝ አልህ። ሰው ሲሞት እንኳ ከሙህዲን ልስማ?»

«እኔ? በዚያ ዝናብ መጥቼ በራችሁን አንኳኳሁ እኮ! ላየው አልፈልግም፣ ገንዳዬን አይንካብኝ ብላለች አሉኝ።»

«ማን?»

«እትዬ ደብሬ።»

አመተ ሥላሴ አፏን በእጇ ያዘች። «አልነገሩኝም። በእናቴ አፈር፣ አንድ ቃል አልነገሩኝም። አንተም አመንህ?»

«አመንሁ» አለ ደሞዝ። «ይቅር በይኝ። እየጠላሁሽ ልሠራ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። እያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ ድምፅሽ ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር።»

«በርሜሉን ስልክልህ ስሜን ያልነገርሁህ፣ አንተ እንዳትጠየቅበት ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አበረን ላድን ብዬ ልፈርም ነበር። አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ...»

«ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

ደሞዝ አጠገቧ ተንበረከከ። «ሁለት ጊዜ እፈርም ነበር» አለ። «እወድሻለሁ፣ አመተ ሥላሴ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ይዤ የምመጣው ምንም የለኝም። ግን እወድሻለሁ።»

አመተ ሥላሴ ዱቄት የነካውን እጁን ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ከውጭ የላንድሮቨሩ ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ሁለቱም የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቁ። አልራቀም። ደሞዝ በክንዷ ደግፏት ወደ በሩ ወጡ። ሻለቃው መሪው ላይ ተቀምጠው ወደ ፊት ያያሉ። ገበያተኛው ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ሻለቃው ቀስ ብለው ዞሩና ልጃቸውን ከጭቃው እግሯ እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ ክንዷን የያዘውን እጅ አዩት። ደሞዝ እጁን ሊያነሣ ቃጣው፤ እሷ በሌላ እጇ አጥብቃ ያዘችው።

«ስንት ጉድጓድ ይቀራል?» አሉ ሻለቃው።

«ዘጠኝ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ዱቄቱስ?»

«ይበቃል።»

ሻለቃው እንደ ገና ወደ ፊት ዞሩ። መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ጤና ጣቢያው በመንገዳችን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግቡ። ሁለታችሁም።»

ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አመተ ሥላሴ ዳሌዋ እንደ እሳት ይለበልባት ነበር፤ ልቧ ግን ከዚያ ሁሉ ክረምት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚያስፈራት ነገር ባይጠፋም፣ ለመፍራት ጊዜ አጥቶ ነበር።